በህዋስ መታከም፦ ከአፍንጫ፣ ከጉሮሮና ከጆሮ ምን እንማራለን?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ባለፈው ወር አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን መስጂዱ በር ላይ ጠበቀኝና ስልኩን አሳየኝ። ውጭ አገር ያለ አንድ ክሊኒክ ያወጣው ማስታወቂያ ነው። «በስቴም ሴል የጠፋ መስማትን እንመልሳለን» ይላል። የወንድማችን ታናሽ እህት በ6 ዓመቷ በጠና ታማ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ መርፌ ተወጋች፤ ከሕመሙ ዳነች፤ ግን ከዚያ በኋላ መስማት አቆመች። አሁን 14 ዓመቷ ነው። አባቱ ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ሊሸጡ ተስማምተዋል። የጎደለውን ደግሞ ከጀመዓው ለመሰብሰብ አስቧል። «አንተ ምህንድስና ትማራለህ፣ እስቲ እየው» አለኝ።

እኔ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጥያቄው የበሬ፣ የሰደቃ ገንዘብና የአንዲት ልጅ ጉዳይ ስለሆነ «አላውቅም» ብዬ ማለፍ ከበደኝ። አንድ ሳምንት እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሳምንትና ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ለሁላችንም የሚሆን አድርጌ ያዘጋጀሁት ትምህርት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም

በመድረሳ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ መታከም ሰበብ ማድረስ መሆኑ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ያለ መድኃኒት ያወረደው በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። ስለዚህ አዲስ ሕክምና ሲመጣ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ ፊት ማዞር የእኛ መንገድ አይደለም።

ከርዕሳችን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ ሐዲስ አለ። ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) የተባሉ ሰሓባ በጃሂልያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። ከብር አፍንጫ አሠሩ፤ ብሩ ግን ሸተተባቸው። በዚህ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ክልክል መሆኑን እናውቃለን፤ ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ ለሕክምና ችግር ሲሆን የሚፈቀድ መሆኑን አውጥተዋል።

የምህንድስና ተማሪ ደግሞ ሌላም ነገር ያያል። ብር በሰውነት እርጥበትና በድኝ አዘል ነገሮች ይጠቁራል፣ ይለወጣል። ወርቅ ግን ከምንም ጋር በቀላሉ አይዋሃድም። ሰውነት ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ የሚመዘንበት የመጀመሪያው ጥያቄ ዛሬም ይኸው ነው፦ ሰውነት ይቀበለዋል ወይስ ይጣላዋል? በህዋስ የመታከም ሐሳብም የተነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው። ከወርቅም ከፕላስቲክም ይልቅ ሰውነት የሚቀበለው የራሱን አካል ነውና።

2. አፍንጫ፦ የተሳካው

በህዋስ መታከም ማለት በአጭሩ ይህ ነው። ከሰውየው ወይም ከሌላ ሰው ሕያው ህዋሶች ይወሰዳሉ፤ በላቦራቶሪ ይራባሉ ወይም ወደሚፈለገው ዓይነት ይለወጣሉ፤ ከዚያ የጎደለው ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። ስቴም ሴል የሚባሉት ደግሞ እየተከፋፈሉ የመብዛትና ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ የመለወጥ ችሎታ ያላቸው ናቸው። ሁሉም የህዋስ ሕክምና ግን ስቴም ሴል አይጠቀምም።

በስዊዘርላንድ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች በ2014 ያሳተሙትን ሥራ እንይ። በቆዳ ካንሰር ምክንያት የአፍንጫቸው ክንፍ የተቆረጠ 5 አዛውንት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከ76 እስከ 88። ሐኪሞቹ ከአፍንጫው መሐል ካለው ግድግዳ ትንሽ ቁራጭ ካርቲሌጅ፣ ማለትም ለስላሳ አጥንት፣ በማደንዘዣ ወሰዱ። ህዋሶቹን ለይተው አራቡ። ከዚያ ኮላጅን በሚባል ፕሮቲን በተሠራ ስስ ሽፋን ላይ ዘርተው ለ2 ሳምንት አሳደጉት። ከመጀመሪያው ቁራጭ 40 እጥፍ የሚሰፋ ካርቲሌጅ ተገኘ። እሱን እንደ አፍንጫው ቅርጽ ቆርጠው ተከሉት። ከአንድ ዓመት በኋላ አምስቱም በአተነፋፈሳቸውም በመልካቸውም ረክተው ነበር፤ በተተከለበት ቦታ የደረሰ ጉዳትም አልታየም።

ይህ ለምን ተሳካ? ካርቲሌጅ ከሌላው የሰውነት ክፍል የሚለይበት ነገር አለ። በውስጡ የደም ስር የለውም። ህዋሶቹ ጥቂት ኦክስጅን ነው የሚፈልጉት፤ እሱም ከዙሪያቸው ቀስ ብሎ በስርገት ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ አድጎ ሲተከል የደም ስር እስኪሠራለት ድረስ የመሞት አደጋው ዝቅተኛ ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደሚቀጥለው ታሪክ ስናልፍ ያስፈልገናል።

3. ጉሮሮ፦ የከሸፈው

ይህ ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። የመጀመሪያው ታካሚ የቀጣናችን ልጅ፣ በአይስላንድ የሚማር ኤርትራዊ ተማሪ ነበር። ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። በአየር ቧንቧው ውስጥ ዕጢ በቀለበት፤ በቀዶ ሕክምናና በጨረር ቢታከምም ተመልሶ መጣ። በ2011 ወደ ስዊድን ተላከ።

በስቶክሆልም በካሮሊንስካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባለ ስመ ጥር ጣልያናዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። ይህ ሰው በ2008 በባርሴሎና ከሟች የተወሰደ የአየር ቧንቧ ከነባር ህዋሶቹ አጽድቶ፣ የታካሚዋን ህዋሶች ዘርቶበት በመትከል ዓለም አቀፍ ዝና አግኝቶ ነበር። አሁን ደግሞ የሟች ቧንቧ እንኳ አያስፈልግም አለ። ለንደን ውስጥ ከፕላስቲክ የተሠራ ቱቦ መጣ። ከተማሪው መቅኔ የተወሰዱ ህዋሶች በባዮሪአክተር ውስጥ ለ36 ሰዓት ያህል ተዘሩበት። ጁን 9 ቀን 2011 ተተከለለት። ዜናው በዓለም ተሰማ። በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጥሩ ውጤት እንደተገኘ ተጻፈ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ተማሪው እየተመላለሰ ሆስፒታል ይገባ ነበር። በጃንዋሪ 2014 ሕይወቱ አለፈ። በካሮሊንስካ ይህ ሰው ሠራሽ ቧንቧ የተተከለላቸው 3 ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ሞተዋል።

ስህተቱ ምን ነበር? አንደኛው የምህንድስና ስህተት ነው። የአየር ቧንቧ የውኃ ቧንቧ አይደለም። ውስጡ በሕያው ሽፋን የተለበጠ ነው። በሽፋኑ ላይ ያሉ ጥቃቅን ፀጉሮች አቧራንና አክታን ሳያቋርጡ ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ይህ ሽፋን ደም ይፈልጋል። በአብዛኛው ሕያው አካላችን ውስጥ አንድ ህዋስ በሕይወት ለመቆየት ከቀጭን የደም ስር ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ ይህም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛው ያህል ነው። የፕላስቲክ ቱቦ የደም ስር የለውም። ጥቂት የመቅኔ ህዋስ ለአንድ ቀን ተኩል ስለተዘራበት ፕላስቲኩ ወደ ሕያው አካል አይለወጥም። የማስ ትራንስፈር ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ «ኦክስጅኑ በየት በኩል ይደርሳል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ለአፍንጫው ካርቲሌጅ መልስ ነበረው፤ ለቧንቧው አልነበረውም።

ሁለተኛው የአማና ስህተት ነው። ዘዴው አስቀድሞ በእንስሳት ላይ በአግባቡ አልተፈተነም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም አልተገኘም። የተጻፈው የታካሚው መዝገብ ከሚለው ጋር አይገጥምም ነበር። ይህን ያወቁት እዚያው የሚሠሩ 4 ሐኪሞች ናቸው። አንዳንዶቹ ከማኪያሪኒ ጋር በጋራ ጽሑፍ ያሳተሙ ነበሩ። ቢሆንም መዝገቡንና ጽሑፉን ጎን ለጎን አስቀምጠው በ2014 አመለከቱ። የተቋሙ አስተዳደር መጀመሪያ አልሰማቸውም። ከውጭ የተመደበ መርማሪ በ2015 ጥፋት አለ ቢልም የተቋሙ ኃላፊ ሰውየውን ነጻ አሉት። በ2016 መጀመሪያ የስዊድን ቴሌቪዥን ጉዳዩን በዘጋቢ ፊልም ካወጣው በኋላ ኃላፊው ለቀቁ፤ ማኪያሪኒም ተባረረ። በ2018 የ2011ዱ ጽሑፍ ከመጽሔቱ ተሰረዘ፤ በ2023 ደግሞ የባርሴሎናው። ማኪያሪኒ ክሱን አልተቀበለም። የስዊድን ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን በጁን 2023 በሦስቱ ታካሚዎች ላይ በተፈጸመ ከባድ የአካል ጥቃት ጥፋተኛ ብሎ 2 ዓመት ከ6 ወር እስር ፈረደበት።

አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ የሕክምና ዕውቀቱ ሳይታወቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ፉቀሃዎች በዚህ ላይ ተመርኩዘው ባለሙያውም ቢሆን ከሙያው ደንብ ከወጣ ይጠየቃል ብለዋል። ማኪያሪኒ ዲግሪ አልጎደለውም፤ በዚያ ጉዳይ ላይ የተረጋገጠ ዕውቀት ነበር የጎደለው። በራሳችን ላይም ቢሆን በእውነት እንድንመሰክር አላህ (ሱ.ወ) አዞናል። እነዚያ ሐኪሞች ስማቸው ከእሱ ስም ጋር ተጽፎ ሳለ የመሰከሩት ምስክርነት ሙስሊም ተማሪ ሊማርበት የሚገባ ነው። ነገ እኛም ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ግንባታ ቦታ ላይ ወይም ፋብሪካ ውስጥ ከመዝገቡ ጋር የማይገጥም ሪፖርት ፈርም እንባላለን።

4. ጆሮ፦ ገና ያልተደረሰበት

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። የመስማት ችግር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ድምፅ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚያግድ ነው፤ የጆሮ ታምቡር መቀደድ ወይም በመሐል ጆሮ ያሉ ትንንሽ አጥንቶች መጎዳት። ይህን ለመጠገን ስቴም ሴል አያስፈልግም። ሐኪሞች ከዚያው ሰው አካል ስስ ሽፋን ወስደው የተቀደደውን ታምቡር መጠገን ከጀመሩ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል።

ሁለተኛው የውስጥ ጆሮ ጉዳት ነው። እንደ ቀንድ አውጣ በተጠቀለለችው ኮክሊያ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ፀጉር መሰል ህዋሶች አሉ። የድምፅን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ቀይረው ለነርቭ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው። ሱብሓነላህ! ከመግቢያው ያሉት ቀጭን ድምፅ፣ ከመጨረሻው ያሉት ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ፤ እያንዳንዱ በተራው ተሰድሯል። እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች፣ ማጅራት ገትር፣ ከባድ ጩኸትና እርጅና እነዚህን ህዋሶች ይገድላሉ። በሰው ላይ ከሞቱ አይተኩም።

በወፎች ግን ይተካሉ። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ የጫጩት ፀጉር መሰል ህዋሶች ከተጎዱ በኋላ በሳምንታት ውስጥ እንደገና እንደሚበቅሉ አገኙ። «ዶሮ ከቻለ ሰውስ?» የሚለው ጥያቄ የተስፋው ሁሉ ምንጭ ነው። በ2012 በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው ፅንስ ስቴም ሴል የጆሮ ነርቭ ህዋሶችን አሳድገው ነርቫቸው በተገደለ ጀርቢል በሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ጆሮ ውስጥ ከተከሉ በኋላ የመስማት መሻሻል አዩ። ትልቅ እርምጃ ነው። ግን በእንስሳት ላይ ነው፤ የተተካውም ነርቩ እንጂ ፀጉር መሰሉ ህዋስ አይደለም።

ችግሩ ህዋስ ማግኘቱ ላይ ብቻ አይደለም። ኮክሊያ በጠንካራ አጥንት የተከበበች፣ በፈሳሽ የተሞላች፣ የአተር ፍሬ የምታክል ናት። አዲሱ ህዋስ ትክክለኛው ረድፍ ላይ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ቆሞ ከትክክለኛው ነርቭ ጋር መገናኘት አለበት። ማስታወቂያው ግን «በክንድ ደም ስር እንሰጣለን» ይላል። በደም ስር የተሰጠ ስቴም ሴል ልብን አልፎ መጀመሪያ የሚደርሰው ሳንባ ነው፤ አብዛኛው እዚያው ቀጫጭን የደም ስሮች ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ኮክሊያ ደርሶ ተራውን ይዞ ይሰለፋል ማለት ጆንያ ጡብ ከመኪና ላይ ወርውሮ ግድግዳ እስኪሆን እንደመጠበቅ ነው።

5. ህዋሱ ከየት መጣ?

ይህን ጥያቄ ከሌሎች ይበልጥ እኛ ልንጠይቀው ይገባል። የኢስላም ፊቅህ ዓለም አቀፍ አካዳሚ በ1988 ጅዳ ላይ ከአንድ ሰው አካል ወስዶ ወደዚያው ሰው ሌላ የአካል ክፍል ማዛወር፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ እስካመዘነ ድረስ፣ እንደሚፈቀድ ወስኗል። የባዝሉ አፍንጫ ከዚህ ውስጥ ይገባል። በመካ የሚሰበሰበው የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት ደግሞ በ2003 ስለ ስቴም ሴል ተወያይቷል። ጉዳት ካላደረሰና ፈቃድ ካለ ከአዋቂ ሰው፣ ከእንግዴ ልጅና ከእትብት የተገኘውን ፈቅዷል። ሆን ተብሎ ያለ ሕክምና ምክንያት ከተቋረጠ ፅንስና በክሎኒንግ ከተፈጠረ ፅንስ መውሰድን ከልክሏል። በመካከል ያሉ ዝርዝሮች አሉ፤ የሚመለከተው ሰው ዑለማዎችን ይጠይቅ።

በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ የአዋቂ አይጥ ህዋስ ወደ ስቴም ሴልነት እንደሚመለስ አሳየ፤ በ2007 በሰው ህዋስም ተሳካ፤ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ከቆዳ ህዋስ መነሳት ከተቻለ ፅንስ ሳይነካ ብዙ ምርምር ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። የባዮቴክኖሎጂና የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ እህትና ወንድሞች፣ ይህ በር ለእናንተ ክፍት ነው።

6. ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

ፊቅህ ስንቀራ እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም የሚል መሠረት ተምረናል። በሬዎቹ እርግጠኛ ናቸው፤ የክሊኒኩ ቃል ጥርጣሬ ነው። ማንኛችንም እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ሲገጥመን እነዚህን 5 ጥያቄዎች እንጠይቅ።

አንደኛ፣ በሽታው በትክክል ምንድን ነው? የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የመስማት ምርመራ አድርጎ ሳይለይ ስለ ሕክምና ማውራት አይቻልም። «ሁሉንም ዓይነት እናድናለን» የሚል ካለ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛ፣ ህዋሱ ከየት ተወሰደ፣ ወደ ምንስ ይለወጣል? ለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ ራሱም አያውቀውም።

ሦስተኛ፣ ስንት ሰው ላይ ተሞከረ፣ ለስንት ጊዜስ ክትትል ተደረገ? የታካሚ ቪዲዮ ደሊል አይሆንም። ከ5 ወር በኋላ ጥሩ ነው የተባለው የስቶክሆልሙ ታካሚ ምን እንደደረሰበት አይተናል።

አራተኛ፣ ምርምር ነው ወይስ ሽያጭ? እውነተኛ ምርምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አለው፤ አደጋውን በግልጽ ነግሮ ያስፈርማል፤ ባልተረጋገጠ ነገርም በአብዛኛው ታካሚውን አያስከፍልም።

አምስተኛ፣ ካልሠራስ? ያላደነ ነገር ሁሉ ጉዳት አልባ አይደለም። በላቦራቶሪ የተራባ ህዋስ ኢንፌክሽን ሊያመጣ፣ ያለ ቦታውም ሊያድግ ይችላል።

የወንድማችን ነገር

እህቱን ወደ ሐኪም ወሰዳት። ምርመራው ጉዳቱ በውስጥ ጆሮ መሆኑን አሳየ። ሐኪሙ ዛሬ ለእሷ ዓይነት ችግር የታወቁትን መንገዶች ነገሩት፤ የመስሚያ መሣሪያ፣ የሞቱትን ህዋሶች አልፎ ነርቩን በኤሌክትሪክ የሚነካው የኮክሊያ ተከላ፣ የምልክት ቋንቋና ትምህርት። የትኛው ለእሷ እንደሚሆን ገና በምርመራ ላይ ናት። በሬዎቹ አልተሸጡም።

አንድ ቀን ከዒሻ በኋላ «ተስፋዋን ቀማኋት ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም። ቆይቼ ያልኩት ይህን ነው፦ ተስፋችን በአላህ ላይ ነው፤ የሚሸጥም አይደለም። ምርምሩ ይቀጥላል፤ ምናልባት አንድ ቀን ይደረስበት ይሆናል፤ ይህን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ልጅቷ ከእኛ የምትፈልገው ነገር ዛሬም አለ። ወንድማችን 8 ዓመት ሙሉ ከእህቱ ጋር በጥቅሻና በእጅ ጥቆማ ብቻ ነበር የሚነጋገረው። አሁን እሱና ሦስታችን የዶርም ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የምልክት ቋንቋ እየተማርን ነው። መጀመሪያ የተማርነው ሰላምታ ነው።

ለሐለቃ ውይይት

ሀ. ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከጀመዓው ሲሰበሰብ ማን፣ ምን ማጣራት አለበት?
ለ. የምትሠሩበት ቡድን ያቀረበው ሪፖርት ከመዝገቡ ጋር እንደማይገጥም ብታውቁና ስማችሁ ቢኖርበት ምን ታደርጋላችሁ?
ሐ. በግቢያችን መስማት የተሳናቸው እህትና ወንድሞች የጁሙዓ ኹጥባን እንዴት ሊከታተሉ ይችላሉ?

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጣቸው፤ ጠቃሚ ዕውቀትንም ይጨምርልን። ከተሳሳትኩ ከራሴና ከሸይጧን ነው፤ ልክ ከሆንኩ ከአላህ ነው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።